በፊልሙ መጨረሻ ቃል የተገባው ጌም የት ገባ?

በጁላይ 1984 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) «ዘ ላስት ስታርፋይተር» የተባለ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች መታየት ጀመረ። አሌክስ ሮጋን የሚባል ወጣት ከእናቱና ከታናሽ ወንድሙ ጋር በተጎታች ቤቶች መንደር ይኖራል። ከዚያ መንደር መውጣት ይፈልጋል፤ መንገዱ ግን ተዘግቶበታል። መጽናኛው እዚያው መንደሩ ውስጥ የቆመ አንድ የአርኬድ ጌም፣ ማለትም ሳንቲም እየተከተተበት የሚጫወቱበት ማሽን ነው። አንድ ምሽት የጌሙን ሪከርድ ይሰብራል። ጎረቤቱ ሁሉ ከቦት ይጮሃል፣ ያጨበጭባል። ብዙም ሳይቆይ ሴንታውሪ የሚባል ሰው በመኪና ይመጣና ይዞት ይሄዳል። ለካ ጌሙ መጫወቻ ብቻ አልነበረም። በእውነተኛ የጠፈር ጦርነት የሚዋጋ ሰው የሚመለመልበት ፈተና ነበር።

ፊልሙ አልቆ የሠሪዎቹ ስም ዝርዝር ሲወርድ አንድ መስመር ብቅ ይላል። የዚህ ፊልም ጌም አታሪ ከተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ እንደሚመጣ ያበስራል። አስቡት እንግዲህ፤ ልጁ ሙሉ ፊልም ስለ አንድ ጌም አይቶ ሲያበቃ ጌሙ በሰፈርህ ሊመጣ ነው ይባላል። አርባ ዓመት አለፈ። የአርኬዱ ጌም ዛሬም አልመጣም።

ይህ የአንድ ጌም ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለናፋቂዎች ትቼው ባለፍኩ። ግን ጌሞችን ለትውልድ ማቆየት የሚባለው ጉዳይ ባለፉት ጥቂት ዓመታት ከአሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ እስከ አውሮፓ ኅብረት ድረስ ክርክር አስነስቷል። በዚያ ክርክር ውስጥ ለገበያ ሳይወጡ የቀሩት ጌሞች ከሁሉ የባሰ ጠበቃ የላቸውም። ብዙ ሰው ተሸጦ የነበረ ጌም ሲጠፋ ያዝናል። ተሠርቶ ያልተሸጠው ሲጠፋ ግን መጥፋቱን እንኳ የሚያውቅ የለም። ሕጉ ደግሞ፣ ወደ ኋላ እንደምናየው፣ እነዚህን ጌሞች ከተሸጡትም አብልጦ ይቆልፍባቸዋል።

በመጀመሪያ ጌሙ ለምን ቀረ የሚለውን እንይ።

ፊልሙ በዘመኑ ጉድ ያሰኘው በኮምፒውተር በተሠሩ ምስሎቹ ነው። የጠፈር መርከቦቹ እንደ ልማዱ በትናንሽ ሞዴሎች አልተሠሩም። 27 ደቂቃ የሚሆነው ምስል ክሬይ ኤክስ-ኤምፒ በተባለ ሱፐር ኮምፒውተር ላይ ነው የተዘጋጀው። አሌክስ ሲጫወትበት የምናየው ማሽንም ለቀረጻ የተሠራ ቁም ሣጥን እንጂ ጌም አልነበረም። ስክሪኑ ላይ የሚታየው አስቀድሞ የተዘጋጀ ምስል ነው።

አስቸጋሪው ነገር እዚህ ላይ ነው። ለፊልም የሚሆን ምስል ሲሠራ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱን ፍሬም ጊዜ ወስዶ ቢስለው ችግር የለውም። ጌም ግን አይጠብቅም። ተጫዋቹ መሪውን ባዞረ ቁጥር ምስሉ እዚያው በዚያው መለወጥ አለበት፤ ያውም በሴኮንድ ብዙ ጊዜ። አታሪ ይህንን ሞቶሮላ 68000 በሚባል ቺፕ ሊሠራው ነበር ያሰበው። መቆጣጠሪያው በ1983 ካወጣው የ«ስታር ዋርስ» አርኬድ ማሽን የተወሰደ ነው፤ በሁለት እጅ የሚያዝ፣ የአውሮፕላን መሪ የሚመስል እጀታ። የ«ስታር ዋርሱ» ማሽን ምስሉን በባዶ መስመሮች ብቻ ነበር የሚስለው። አዲሱ ግን ጠጣር፣ ቀለም የተሞላ ባለ ሦስት አውታር ምስል እንዲያሳይ ታስቦ ነበር። በ1984 ይህ ትልቅ ድፍረት ነው። አታሪ ራሱ በዚያው ዓመት «አይ፣ ሮቦት» የተባለ ቀለም የተሞላ ባለ ሦስት አውታር ጌም አውጥቶ ነበር። ብዙም አልተሸጠለትም።

ጌሙ የተሰረዘበት ምክንያት ተደርጎ በሰፊው የሚነገረው የአታሪ ሰዎች ፊልሙን ገና ሳይጠናቀቅ አይተው «ይሄ ገንዘብ አያመጣም» ማለታቸው ነው። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከዚያ ይልቅ የኩባንያውን የሒሳብ መዝገብ ብመለከት እመርጣለሁ። አታሪ በ1983 ብቻ ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከስሯል። ባለቤቱ ዋርነር ኮሙኒኬሽንስ መሸከም አቃተው። በጁላይ 1984 መጀመሪያ ላይ፣ ፊልሙ ሊከፈት ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይቀረው፣ የቤት ጌምና የኮምፒውተር ክፍሉን ጃክ ትራሚየል ለተባለ ነጋዴ ሸጠው። የአርኬድ ክፍሉ እዚያው ዋርነር እጅ ቀርቶ በኋላ አታሪ ጌምስ ተባለ። ማለትም ፊልሙ ላይ ስሙ ተጽፎ ቃል የገባው ኩባንያ፣ ተመልካቹ ያንን መስመር ሲያነብ፣ ለሁለት ተከፍሎ ነበር።

አታሪ ከዚሁ ፊልም ለቤት ውስጥ ያሰባቸው ጌሞች ዕጣ ግን ለየት ይላል። ለአታሪ 8-ቢት ኮምፒውተር የተሠራው ስሙ ተቀይሮ በ1986 «ስታር ሬደርስ 2» ተብሎ ወጣ። አታሪ 2600 ለተባለው የቤት ጌም ማሽን የታሰበውም በዚያው ዓመት «ሶላሪስ» ሆኖ ተሸጠ። እንዲያውም ይሄኛው ከፊልሙ በፊት በሌላ ስም የተጀመረ ሥራ ነበር፤ የፊልሙ ስም ተለጠፈበት፣ መልሶ ተነሳለት። በ1990 ለኔንቴንዶ የቤት ጌም ማሽን የፊልሙን ስም የያዘ ጌም ወጥቷል። ገዝቶ የከፈተው ልጅ ያገኘው ግን በ1986 ለኮሞዶር 64 ኮምፒውተር የወጣውን «ዩሪዲየም» የተባለ ጌም፣ ልብሱ ተቀይሮ ነው። በ2007 ደግሞ አድናቂዎች በራሳቸው ጊዜ ፊልሙ ላይ የሚታየውን ጌም አስመስለው ለኮምፒውተር ሠርተው በነፃ ለቀውታል። የሚያስመሰግን ሥራ ነው። ይሁንና የአታሪ መሐንዲሶች የሠሩትን አይተካም።

አሁን ሰፋ አድርገን እንየው። አንድ የአርኬድ ጌም ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ለምን ሳይወጣ ይቀራል?

የአርኬድ ንግድ ለመረዳት መንገድ ዳር የቆመውን ጆተኒ ማሰብ ይበቃል። ባለቤቱ ጠረጴዛውን አንዴ ይገዛል። ከዚያ በኋላ የሚያተርፈው በየጨዋታው ከሚከፈለው ሳንቲም ነው። ልጆቹ ካልመጡለት ቦታ የያዘ ዕንጨት ብቻ ነው ያለው። አሜሪካ ውስጥም የአርኬድ ማሽን ገዢ ተጫዋቹ አልነበረም። የፒዛ ቤት፣ የቡና ቤት ወይም የጌም ቤት ባለቤት ነው፤ አለዚያም ማሽን እያከራየ የሚኖር ነጋዴ። ለአንድ ማሽን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ በ25 ሳንቲም በ25 ሳንቲም ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ኩባንያው ብዙ ከማምረቱ በፊት አንድ ሁለት የሙከራ ማሽን ሠርቶ እውነተኛ ጌም ቤት ውስጥ ያቆማል። ከተፎካካሪዎቹ አጠገብ ያስቀምጠዋል። ከዚያ የሳንቲም ሳጥኑ ይከፈታል፣ ይቆጠራል። በመጀመሪያው ሳምንት ሞልቶ በሦስተኛው ከጎደለ ያስደነግጣል። ከጅምሩ ከጎደለ አለቀ።

በዚህ ፈተና ከወደቁት አንዱ የአታሪው «አካ አር» ነው። በ1982 ተሠርቶ ለሙከራ ቀረበ። ተጫዋቾች ከበዳቸው፣ ግራ ገባቸው፣ ተዉት። ጌሙ ተሰረዘ። ሦስት ማሽኖች ብቻ እንደተረፉ ይታወቅ ነበር፤ እነሱም የድሮ ማሽን በሚሰበስቡ ግለሰቦች እጅ። ሌላው «ማርብል ማን» ነው። የመጀመሪያው «ማርብል ማድነስ» በ1984 ወጥቶ በጣም የተወደደ ጌም ነው። ኳስ የምታክል መቆጣጠሪያ በመዳፍ እያሽከረከርክ ስክሪኑ ላይ ያለችውን ብይ በቁልቁለት ታስኬዳለህ። ተከታዩ «ማርብል ማን» በ1991 ሲመጣ ኳሷን በጆይስቲክ ተኩት። ያቺ ኳስ የጌሙ ነፍስ ነበረች። በዚያ ላይ የሙከራው ጊዜ «ስትሪት ፋይተር 2» የተባለው የድብድብ ጌም ከተማውን ሁሉ ካሳበደበት ጊዜ ጋር ገጠመ። ሳንቲሙ ወደዚያ ሄደ። «ማርብል ማን» በዚያው ቀረ።

የሳንቲም ሳጥን ግን የሚለካው የአንድን ሳምንት ገቢ ነው። የአንድን ሥራ ዋጋ አይለካም። በ1982 የከበደ ጌም ዛሬ ለተጫወተው ሰው አዲስ ሐሳብ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ ማስረጃ አለን። የ«አካ አር» ፕሮግራም በ2019 በድንገት ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ። በ2022 አታሪ ራሱ ለ50ኛ ዓመቱ ባወጣው የጌም ስብስብ ውስጥ አካተተው። በ2023 ደግሞ ጄፍ ሚንተር የተባለው እንግሊዛዊ ጌም ሠሪ አዲስ አድርጎ ሠራው። በአንድ ጌም ቤት ጥግ ተንቆ የነበረ ሐሳብ ከአርባ ዓመት በኋላ ገዢ አገኘ። «ማርብል ማን»ም በ2022 ሾልኮ ወጣ። ማሜ የሚባለው፣ ከ1997 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው የድሮ አርኬዶችን በኮምፒውተር የሚያስነሳ ፕሮግራም፣ ብዙም ሳይቆይ አስነሳው።

«ሾልኮ ወጣ» የሚለው ነገር አያስደስተኝም። የ«አካ አር» ፕሮግራም ሲለቀቅ ከአንድ ሰብሳቢ ቤት ያለ ፈቃድ ተገልብጦ ነው የሚል ክስ ተሰምቷል። ክሱ እውነት ከሆነ ነውር ነው። ሰው ቤቱን ከፍቶልህ፣ አምኖህ፣ ንብረቱን መገልበጥ ክህደት ነው። ደግሞም ጉዳቱ በዚያ ቤት አያበቃም። ሌሎች ሰብሳቢዎች ይህን ሰምተው በራቸውን ይዘጋሉ። የተረፉት ጌሞች ይበልጥ ይደበቃሉ። በሌላ በኩል የሰብሳቢዎቹም ነገር አለ። በዓለም ላይ ሦስት ብቻ የቀረ ማሽን ዋጋው ብርቅ በመሆኑ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ከተገለበጠ ዋጋው ይወርዳል ብለው የሚፈሩ አሉ። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ማሽኑን ከቆሻሻ ያዳኑት፣ ያደሱት፣ ገንዘባቸውን ያፈሰሱበት እነሱ ናቸው። ግን የሚጠብቁት ነገር እጃቸው ላይ እየሞተ መሆኑን ማወቅ አለባቸው።

ይህን በቅርብ ማየት ይጠቅማል። የዚያ ዘመን ማሽን ጀርባው ሲከፈት አረንጓዴ ቦርድ ይታያል። ቦርዱ ላይ የጌሙን ፕሮግራም የያዙ ቺፖች ተደርድረዋል። ለሙከራ በተሠሩ ማሽኖች ላይ ብዙ ጊዜ የምናገኘው ኢፕሮም የሚባለውን ነው። ይህ ቺፕ አናቱ ላይ ትንሽ ክብ የመስታወት መስኮት አለችው። በመስኮቷ አልትራ ቫዮሌት ብርሃን ሲገባ የተጻፈው ሁሉ ይሰረዛል። መሐንዲሶቹ የወደዱት ለዚህ ነው፤ ሲሳሳቱ ሰርዘው እንደገና ይጽፉበታል። ሥራው ሲያልቅ መስኮቷ ላይ ወረቀት ይለጠፋል፤ ወረቀቱ ላይ ቀንና ቁጥር በእስክሪብቶ ይጻፋል። ከአርባ ዓመት በኋላ ሙጫው ደርቆ ወረቀቱ ይረግፋል። ብርሃን ቀስ እያለ ይገባል። ብርሃን ባይገባ እንኳ በውስጡ የታሰረው የኤሌክትሪክ ጭነት በጊዜ ብዛት እየሳሳ ይሄዳል። እነዚህ ቺፖች ሲሠሩ አርባ ዓመት ያገለግላሉ ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። ከሺዎቹ አንዷ ቢት ከተለወጠች ጌሙ መሀል ላይ ሊቆም ይችላል፤ ጨርሶ ላይነሳም ይችላል።

ማዳኛው ከባድ አይደለም። ቺፑን በጥንቃቄ ነቅሎ ማንበቢያ ላይ መሰካት፣ ማንበብ፣ ደግሞ ማንበብ፣ ሁለቱን ማነጻጸር። ሁለቴ ሲነበብ አንድ ዓይነት ከመጣ ጥሩ ምልክት ነው። ከተለያየ ቺፑ መዳከም ጀምሯል ማለት ነው፤ ያኔ ጊዜ የለም። የሚፈጀው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የማይገኘው ፈቃድና መተማመን ነው።

ከፊልም ወይም ከተከታታይ ድራማ የተወሰዱ ጌሞች ችግር ደግሞ እጥፍ ነው። ፕሮግራሙ የጌም ኩባንያው ነው። ስሙ፣ ገጸ ባሕርያቱ፣ የመርከቦቹ ቅርጽ፣ ሙዚቃው የፊልሙ ባለቤቶች ነው። ሁለቱን ያገናኛቸው ለተወሰነ ዓመት የተፈረመ ውል ነው። ውሉ ሲያልቅ ማንም ብቻውን ጌሙን ማውጣት አይችልም። ለሽያጭ የበቁትም ከዚህ አያመልጡም። አክቲቪዥን ያወጣቸው የ«ትራንስፎርመርስ» ጌሞች በ2017 መገባደጃ ገደማ ከዲጂታል መደብሮች ተነሱ። ትናንት ካርድህን አውጥተህ የምትገዛው ጌም ዛሬ የለም።

በ«ዘ ላስት ስታርፋይተር» ላይ ደግሞ ገመዱ ይበልጥ ይተበተባል። ፊልሙን ያዘጋጀው ሎሪማር፣ አሜሪካ ውስጥ ያከፋፈለው ዩኒቨርሳል ነው። ሎሪማር በ1989 በዋርነር ተጠቀለለ። አታሪ በ1984 ለሁለት ተከፈለ። የቤት ክፍሉ በእነ ሀስብሮና ኢንፎግራምስ እጅ አልፎ ዛሬ አታሪ የሚባለው ኩባንያ ጋ ደርሷል። የአርኬድ ክፍሉ ሚድዌይ ወደተባለ ጌም ሠሪ ኩባንያ ሄደ፣ ሚድዌይ ሲከስር አብዛኛው ንብረቱ በ2009 በዋርነር ተገዛ። በዚህ ሁሉ መሀል አንድ ያላለቀ ጌም ቢገኝ ማንን ነው የምታስፈቅደው? አንዱ ቢፈቅድ ሌላው ይከሳል። ጠበቃ የሚያስቀጥር ገንዘብ የሚያመጣ ጌም ስላልሆነ ደግሞ ማንም አይደክምበትም።

ወደ ወቅታዊው ክርክር እንምጣ። በ2023 ቪዲዮ ጌም ሂስትሪ ፋውንዴሽን የተባለው ድርጅት ባወጣው ጥናት መሠረት ከ2010 በፊት አሜሪካ ውስጥ ከወጡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ገበያ ላይ አይገኙም። ይህ እንግዲህ የወጡትን ብቻ ነው። በዚህ መነሻ ቤተ መጻሕፍትና ተመራማሪዎች አንድ ጥያቄ ይዘው ወደ አሜሪካ የቅጂ መብት ቢሮ ሄዱ። ከገበያ የጠፉ ጌሞችን ተመራማሪው ካለበት ሆኖ በኢንተርኔት እንዲያያቸው ይፈቀድ አሉ። የጌም ኩባንያዎች ማኅበር የሆነው ኢኤስኤ አጥብቆ ተቃወመ። በኦክቶበር 2024 ቢሮው ጥያቄውን ውድቅ አደረገ። ስለዚህ ቤተ መጻሕፍቱ ጌሙን ሊያቆዩት ይችላሉ፤ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን በአካል ወደ ሕንፃው መሄድ አለበት።

ይህ ለአሜሪካዊው ተማሪ የአውሮፕላን ትኬት ነው። አዲስ አበባ ላለው ተማሪ ግን ቪዛም ነው። እኛ ዘንድም እንደ ቅኔ ጌምስ ያሉ ድርጅቶች «ኩኩሉ»ን የመሰሉ ጌሞች ሠርተው ለስልክ አቅርበዋል። ከእነሱ ቀጥሎ የሚመጣው ወጣት ከሌሎች የተሳካ ሥራ ብቻ ሳይሆን ከተቋረጠም ሥራ መማር ይገባዋል። አንድ ጌም ለምን እንዳልሠራ ማየት አንዳንዴ ከመማሪያ መጽሐፍ ይበልጣል።

አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ዩቢሶፍት የተባለው ጌም ሠሪ ኩባንያ «ዘ ክሩ» የተባለው የመኪና ጌም ያለ እሱ የማይሠራበትን ሰርቨር በማርች 2024 ዘግቶ የገዙት ሰዎች ባዶ እጃቸውን ሲቀሩ «ጌሞችን መግደል ይቁም» የሚል ዘመቻ ተነሳ። በ2025 ለአውሮፓ ኅብረት የቀረበው ፊርማ ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። ዘመቻውን እደግፋለሁ። ግን ጥያቄው «ገዝቼዋለሁ» የሚል ሰው ጥያቄ ነው። ያልወጣን ጌም ማንም አልገዛውም። ሚሊዮን ፊርማ ቀርቶ አንድ ፊርማ የሚያስቀምጥለት አይገኝም።

መግቢያው ላይ ሕጉ ያልወጡትን አብልጦ ይቆልፋል ያልኩት ይህ ነው። በአሜሪካ ሕግ አንድ ኩባንያ በሠራተኞቹ ያሠራው ሥራ ለሕዝብ ከወጣበት ዓመት ጀምሮ 95 ዓመት፣ ወይም ከተሠራበት ጀምሮ 120 ዓመት ይጠበቃል፤ ቀድሞ የሚያልቀው ይወሰዳል። በ1984 ተሠርቶ በዚያው ዓመት የወጣ ጌም በ2079 መጨረሻ ነፃ ይሆናል። በ1984 ተሠርቶ ያልወጣ ጌም ግን 95 ዓመቱ የሚቆጠርበት መነሻ የለውም። እስከ 2104 መጨረሻ ይጠብቃል። ማንም ያልሸጠው፣ ማንም ሊሸጠው ያላሰበው ሥራ ከተሸጠው 25 ዓመት ይበልጥ ይቆለፍበታል። ያ ኢፕሮም ቺፕ 2104ን አያይም።

እኔ በበኩሌ የቅጂ መብት ይፍረስ አልልም። የምለው ጠባብ ነገር ነው። ለገበያ ያልወጣ፣ ባለቤቱ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ያልነካው ጌም ለተመራማሪና ለተማሪ በርቀት ክፍት ይሁን። ባለቤቱ ሊሸጠው ሲፈልግ መብቱ እንደተጠበቀ ነው። ሰብሳቢዎችም ጌሙን ነገ ጠዋት ለዓለም ይልቀቁ አልልም። ቺፑ ተነቦ፣ ቅጂው ለታመነ ተቋም በውል ተሰጥቶ፣ እስከተስማሙበት ጊዜ ተዘግቶ ሊቀመጥ ይችላል። ተቋማቱ አሉ። ኒውዮርክ ግዛት ሮቼስተር ከተማ የሚገኘው ዘ ስትሮንግ ሙዚየም የአታሪን የአርኬድ ክፍል ሰነዶችና ንድፎች ተረክቦ አስቀምጧል።

ሌላው የማይጠብቅ ነገር ሰዎቹ ናቸው። በ1984 አታሪ ውስጥ በሃያዎቹ ዕድሜ የነበረ መሐንዲስ ዛሬ ስልሳውን አልፏል። የትኛው ቦርድ ተፈታትቶ ለሌላ ማሽን እንደዋለ፣ የትኛው ዲስክ በማን ጋራዥ እንደቀረ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። አሁን ቢጠየቁ ይናገራሉ። ብዙዎቹም መጠየቅ ይወዳሉ።